የእማማ ሃሎ አገሮች

እማማ ሃሎን ሰፈራችን የሚያውቃቸው በድምፃቸው ነው። መልካቸውን በደንብ ያላየ ሰው ሞልቷል፤ ድምፃቸውን ያልሰማ ግን ወይ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በስልክ ማዞሪያ ቤት ነው። ስልክ እንደዛሬው ኪስ ውስጥ ሳይገባ፣ ሩቅ ከተማ ያለ ዘመዱን ማናገር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የሳቸውን «ሃሎ!» ነበር። ጡረታ ወጥተውም ቃሏ አልለቀቀቻቸውም። ዳቦ ሲገዙ ሃሎ፣ ሲቆጡ ሃሎ። ሐኪሙ ጉልበታቸውን ይዞ «እዚህ ጋ ያምዎታል?» ሲላቸው እንኳ መልሳቸው «ሃሎ! ታዲያ ለጨዋታ መጣሁ?» ነበር። ስሙ በዚያው ጸና።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ከልጃቸው ቤት ፊት ለፊት ነው። ፀጉር አስተካካይ ወሬ ፍለጋ አይወጣም፤ ወሬ ራሱ መጥቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥለታል። ከምነግራችሁ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን አማቻቸው ፀጉሩን እየተቆረጠ ነግሮኛል፤ መቀስ ጆሮው ስር ሆኖ የሚዋሽ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አማቻቸው ፎቶ አንሺ ነው። ሁለቱ እንደ አይጥና ድመት ነበሩ። ነገሩ የጀመረው በሠርጉ ዕለት ነው። ሙሽራው «በሰው ካሜራ አላምንም» ብሎ የራሱን ካሜራ አቁሞ፣ እየሮጠ መጥቶ ሙሽራዋ ጎን ገብቶ ባነሳው የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሁሉም ሰው እንደ አበባ ፈክቶ ሲወጣ፣ አማቱ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፍተው ወጡ። ያ ፎቶ ነው እንግዲህ በትልቁ ታጥቦ ሳሎን የተሰቀለው። «በቁሜ ገንዞ ሰቀለኝ» ይሉ ነበር፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ።

ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው፣ ልጃቸው «እኔ ጋ ነው የምትሆኚው» ብላ አመጣቻቸው። ልጅቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። ጊዜው ክረምት፣ ሠርግ የሌለበት ነበርና ባሏ ሥራ ፈቷል። እናም አማትና አማች ቀኑን ሙሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ተፋጠው ቀሩ።

ሰውየው ሠርግ ከላይ ለማንሳት ብሎ ድሮን ገዝቶ ነበር። ፈቃዱንም ከነማኅተሙ አውጥቶ ፍሬም ውስጥ አስገብቶታል። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ፣ የፎቶ ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ እንዳይረሳ ብሎ አደባባዩን ከሰማይ አነሳና «ይህ ቦታ የት ነው? ለመለሰ አንድ ፎቶ በነፃ!» ብሎ ለጠፈ። ሻዩን ፉት ሳይል ሰው ሁሉ መለሰ።

እማማ ሃሎ ከወንበራቸው ሆነው «ሃሎ! እስቲ አሳየኝ» አሉት። አየት አደረጉና ስልኩን መለሱለት።

«ይሄ ጥያቄ ነው? ሕፃን ልጅን አፍንጫህ የታለ እንደማለት እኮ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ?»

«አንደኛ፣ በጎን አታንሳ። በጎንማ ማንም ያውቀዋል። ቀጥ ብለህ ከአናቱ ላይ አንሳ። ሰው የገዛ እናቱን አናት እንኳ ለይቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ዝም ብለህ የት ነው አትበል። እንቆቅልሽ በላቸው! ካላወቁ አገር ይስጡ።»

ፎቶ አንሺው ሳቀ። እንቆቅልሽ ያልተጫወተ ልጅ የት አለ? መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ እንደ ንጉሥ ይኮፈሳል። ሳቁ ሳያልቅ ግን ድሮኑን ይዞ ሰገነቱ ላይ ወጣ። እማማ ሃሎ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላው ቆመው፣ «ወደ ግራ! አልፈኸው ሄድክ! ተመለስ፣ አንተ ሰውዬ!» እያሉ ነዱት።

የመጀመሪያው ፎቶ ነጫጭ ረዣዥም ነገሮች ጎን ለጎን የተኙበት ነበር። ከሥሩ እንዲህ የሚል ተጻፈ፦ «ሁሉ ሲሠራ ባዶ ነኝ፤ ሁሉ ሲያርፍ እሞላለሁ። እንቆቅልሽ!» ያወቀ ሰው እሁድ ከሰዓት ቦታው ድረስ ሄዶ ወደ ሰማይ እጁን ያውለበልባል፤ ድሮኑ ከላይ ያነሳዋል። ደንቡ ይኸው ነው።

እሁድ ዕለት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወንበሬ ላይ ነበር። ተራ ከሚጠብቁት አንዱ የሳሙና ፋብሪካ ነው ይላል፤ አንዱ የፍራሽ መጋዘን ነው ይላል።

«በእረፍት ቀን የሚሞላ እኔ የማውቀው ሆዴን ነው» አለ የዳቦ ቤቱ ሰው። ከዚያ ድንገት ዓይኑ ፈጠጠ። «አውቶቡስ!» ብሎ ከወንበሬ ተነሳ። በቀኝ ጎኑ የተላጨ፣ በግራው ያልተላጨ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቄ እንደታሰረ በሩን በርግዶ ወጣ። እኔም መላጫዬን እንደያዝኩ ተከተልኩት፤ ጨርቄን ለማስመለስ ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሩጫው ደስ ብሎኝ ነው።

የአውቶቡስ ማደሪያው ዘበኛ ሰው ሲግተለተል አይቶ በሩን ዘጋ። «እሁድ መኪና አይወጣም! ነገ ኑ!»

«ልንሳፈር አይደለም፣ ልናውለበልብ ነው!» አለው የዳቦ ቤቱ ሰው።

ዘበኛው ግማሽ ፀጉር ያለውን ሰውና መላጫ የያዝኩትን እኔን አፈራርቆ አየን። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ በሩን ግን ቶሎ ከፈተው።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ አበደ። ሰው በመንገድ ሲሄድ «ይሄ ከላይ ምን ይመስል ይሆን?» እያለ ይደናቀፋል። ጎረቤት ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ይገናኛል። በሳምንቱ ሞላላ ሰማያዊ ነገር ተለጠፈ፦ «ውሃ ውስጥ አርጅቼ ዛሬ ጠማኝ።» ለጽዳት ውሃው የተደፋ መዋኛ ነበር፤ ማንም አላወቀውም። እማማ ሃሎ በገጹ ላይ በድምፃቸው፣ «ሃሎ! አገር ስጡኝ!» አሉ። ሰፈሩ ተመካክሮ ድልድዩን ሰጣቸው።

ለቀልድ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን እንደ ንጉሥ ገዙት። ድልድዩን የሚሻገር ሰው እየደወለ ፈቃድ መጠየቅ ጀመረ፤ ስልካቸው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። የዳቦ ቤቱ ሰው እኔ እየሰማሁ ደወለ።

«እማማ፣ ልሻገር ነበር፣ ይፈቀድልኛል?»

«ሃሎ! ምን ይዘሃል?»

«ሁለት ኪሎ ሽንኩርት።»

«ሽንኩርቱ ይለፍ። አንተ ቆይ።»

በወሩ መናፈሻውንና የቴኒስ ሜዳውን ጨመሩ። አማቻቸውንም «ያ ሰውዬ» ማለት ትተው «አብራሪዬ» ይሉት ጀመር። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ሁለቱ ሊተቃቀፉ ምንም ሳይቀራቸው ስልክ ላይ አቀርቅረው ሲሳሳቁ ታገኛቸዋለች። «እኔን እራት በላሽ ወይ የሚለኝ የለም እንዴ?» ብላ ትቆጣለች።

ከዚያ ያ መልስ መጣ።

የዚያ ሳምንት ፎቶ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች የሞሉበት ነበር፦ «ቀለም ጠጥቼ ፀሐይ ላይ እተኛለሁ።» ገና ከመለጠፉ፣ የጃንጥላ ምስል ብቻ ያለው፣ ስም የሌለው ሰው ጻፈ። አብራሪው ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ከማዞሪያው ቤት መስኮት በስተግራ ያለው የጨርቅ አቅላሚዎች ግቢ። ሰማያዊውን የሚያሰጡት ከጓሮ ነው፣ ቀዩን ከበሩ። ምን አውቅልሽ፣ ሦስት?» አንብቦ ሲጨርስ «ሦስት ደግሞ ምንድነው?» አለ።

እማማ ሃሎ የያዙት ብርጭቆ ከእጃቸው ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ሃሎ ማለት እንኳ ረሱ። «ሰባት ነው» አሉ። «ሰባት በሕይወት አለ!»

ያኔ ማዞሪያ ቤት ስም መናገር ክልክል ነበር። ሠራተኛው የሚጠራው በቁጥር ነው። እሳቸው ሦስት ቁጥር ነበሩ፤ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ባለች ከተማ ማዞሪያ ላይ ደግሞ ሰባት ቁጥር የሚባል ሰው ነበር። ዝናብ ሲከብድና ደዋይ ሲጠፋ ሁለቱ በመስመሩ ላይ እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። ሦስት ሲሸነፉ የሚሰጡት ሌላ አገር ስላልነበራቸው በመስኮታቸው የሚታየውን ይሰጣሉ፤ ዛሬ የአቅላሚዎቹን ግቢ፣ ነገ የአውቶቡሱን ማደሪያ፣ እያንዳንዱን ቀለሙን፣ በሩን፣ ጣሪያውን እየገለጹ። ሰባትም በበኩላቸው የራሳቸውን ከተማ ይሰጣሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ኖሩ። አንድ ጠዋት ስልኩ ሁሉ አውቶማቲክ ሆነና መስመሩ ዝም አለ። «ደህና ሁኚ» ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረም። ሰባት ይህችን ከተማ በእግራቸው ረግጠዋት አያውቁም፤ የልጅ ልጃቸው ገጹን ስታሳያቸው ግን ከሰማይ የተነሳውን ሁሉ አወቁት።

ልጅቱ ማታ ታሪኩን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እማዬ! አባዬ ይሄን ያውቅ ነበር?»

«አባትሽማ 'ሰባትን ሰላም በይልኝ' ይል ነበር። አንድ ሰሞን እንቆቅልሽ ሲያልቅብኝ ከሥራ እያሰበ የሚያመጣልኝ እሱ ነው» አሉ እናት። ቀጠሉና «ማበጠሪያ አቀብይኝ» አሏት።

«ለምን?»

«መልስ ልጽፍለት ነው።»

ደስታቸው ግን ሁለት ቀን ሳይሞላ ጠብ ሆነ። ሰባት እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሦስት፣ ድልድዩን ሰዎች ሰጡኝ ብለሽ ስትኮፈሺ አየሁ። ድልድዩ የኔ ነው። ጥርስ አለው አይነክስም ብዬሽ፣ ማበጠሪያ መሆኑ ጠፍቶሽ የሰጠሽኝ ነው።»

«ውሸታም!» ብለው እማማ ሃሎ ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። «ማበጠሪያ መሆኑን አውቄ ነበር! መስመሩ ተቋርጦ ነው!»

ነገሩ እኔ ሱቅ ውስጥ ለሳምንት አከራከረ። ግማሹ ደንበኛ የሰባት ወገን ሆነ፣ ግማሹ የሦስት። ሁለት ወንድማማቾች አንድ መስታወት ፊት ተቀምጠው ተኳረፉ። በመጨረሻ እማማ ሃሎ፣ «እንግዲያው ይህን ያወቀ እንደሆነ ድልድዩን ይውሰድ» አሉና አብራሪያቸውን ጠሩ።

ፎቶው ላይ ግራጫ ጣሪያና አንድ የውሃ ታንከር ብቻ ነበር። እንቆቅልሹ ደግሞ፦ «አገር ሁሉ ውስጤ አወራ፤ እኔ አንድም ቃል አልሰማሁ።»

እሁድ ከሰዓት ሱቄን ልከፍት ስመጣ በሬ ላይ ሰው ተሰልፏል። ሴት ወንዱ፣ አሮጊት ሽማግሌው፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ እጁን ያውለበልባል።

«ምን ሆናችሁ?»

«አገር ሁሉ የሚያወራበት ቤት ያንተ አይደል እንዴ!» አለኝ የዳቦ ቤቱ ሰው፣ በሁለት እጁ እያውለበለበ።

«የኔ ጣሪያ ቀይ ነው እኮ!»

«እንግዲህ ቀለም ተቀብቶ ይሆናላ!»

እኔም አብሬ አውለበለብኩ። ወዲያው ግን ከፊት ለፊት ሰገነት ጩኸት ሰማሁ። ክፉ ነገር የመጣ መስሎኝ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘልዬ ወጣሁ። ሦስቱም በአንዲት ስክሪን ላይ ተደፍተዋል። ከላይ የሚታየው የድሮው ማዞሪያ ቤት ነው፤ አሁን ፍራሽ መሸጫ ሆኗል። ጓሮው ባዶ ነው። መሐሉ ላይ ግን ዝናብ ሳይኖር አንድ ጥቁር ጃንጥላ ተዘርግቷል።

«መጣ» አሉ እማማ ሃሎ። «ዝቅ አድርገው!»

«ሽቦ አለ እትዬ።»

«የዚያን ቤት ሽቦ ካንተ በላይ አውቀዋለሁ! ዝቅ!»

ድሮኑ ዝቅ አለ። ጃንጥላው ታጠፈ፤ ከሥሩ የሚያበራ መላጣ ብቅ አለ፤ መላጣው ወደ ላይ ተቃና፤ ሳቂታ ፊት ሆነ። አንድ እጅ ተውለበለበ።

«አጭር ናቸው እንዴ?» አለች ልጅቱ።

እማማ ሃሎ ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ረጅም ነበር እኮ!» አሉ። «ጢምም ነበረው! በስልክ ረጅም ነበር!» ከዚያ ሳቅ ያዛቸው። ሲስቁ እኛም ሳቅን፤ መተንፈስ አቅቷቸው ደረታቸውን ሲይዙ ልጃቸው ደንግጣ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገች። «ውሰዱኝ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እየበረረም ቢሆን ውሰዱኝ!»

በሬ ላይ ሲያውለበልብ የነበረው ሕዝብ ለዚህ ጠቀመ። ከነወንበራቸው ከፎቅ አወረድናቸው፤ የዳቦ ቤቱ ሰው በፊት፣ እኔና አብራሪው በኋላ። ታክሲ አቁመን ብናስገባቸው ወንበሩ አልገባ አለ፤ ወንበሩ በሰው እግር ተከተለን። ሰውም ተከተለን። የመኪናው ሾፌር «ሙሽራ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። «ዝም ብለህ ንዳ!» አሉት፤ ጆሯቸው ግን ቀልቶ ነበር።

ጓሮው ስንደርስ አቶ ሰባት ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ቆመዋል። እማማ ሃሎ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ለሰባትም ከሱቁ አንድ ፍራሽ ወጣላቸውና እሱ ላይ ተቀመጡ። ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦ ትንፋሹን ዋጠ።



ሦስት ሰባትን ያያሉ፣ ሰባትም ሦስትን ያያሉ። አንዱ ሊናገር ሲል ሌላው ይጀምራል፤ ሁለቱም ይተዉታል። ያ ሁሉ ዘመን ያወሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ምላሳቸው ተሳሰረ! ሰባት ጫማቸውን ያያሉ። ሦስት የቀሚሳቸውን ጫፍ ይጎነጉናሉ። የዳቦ ቤቱ ሰው በጆሮዬ፣ «ወይ ጉድ፣ አይዋወቁም እኮ» አለኝ።

ያን ጊዜ አቶ ሰባት ከፍራሹ ተነሱ፣ ዞረው ጀርባቸውን ሰጡ፣ ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው ደወሉ። የእማማ ሃሎ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጮኸ። እማማ ሃሎም በወንበራቸው ላይ ዞር ብለው ጀርባቸውን ሰጡና አነሱት።

«ሃሎ!»

«ሦስት?»

«ሰባት! ማበጠሪያ መሆኑን አውቄ ነበር!»

ከዚያ ማን ያቁማቸው! ጀርባና ጀርባ እንደተሰጣጡ፣ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ምሽት እስኪሆን በስልክ ተጨዋወቱ። እኛም መጀመሪያ ሰማን፣ ከዚያ አፈርን፣ ከዚያ ወደየቤታችን ሄድን። በመሐል ስማቸውን ተነጋገሩ አሉ፤ ሁለቱም ግን ከዚያ ወዲህ ሲጠሩበት አልሰማሁም።

አቶ ሰባት ለሁለት ቀን መጥተው ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ቀሩ። ሰው «መቼ ነው ድግሱ?» ብሎ ሲነዘንዛቸው እማማ ሃሎ፣ «ሳላየው ዕድሜ ልኬን ተግባብቻለሁ፤ ካየሁት ወዲያ ምን ላሻሽል ነው?» ይላሉ። ፊት ለፊት ማውራትን ቀስ በቀስ ለመዱት፤ መጀመሪያ በጎን፣ ቀጥሎ መሐላቸው ጋዜጣ አድርገው፣ በኋላም ደህና አድርገው እየተያዩ መጨቃጨቅ ቻሉ። ድልድዩን ለሰባት አስረከቡ፤ ሰባት ደግሞ የፈቃዱን ደንብ አነሱና ማንም ሳይደውል ይሻገራል።

ጉልበታቸው ሲሻል፣ ባለፈው ሰሞን፣ እማማ ሃሎ የአቶ ሰባትን ከተማ ሊያዩ ሄዱ። ድሮ በእንቆቅልሽ አሸንፌ የወሰድኳቸው አገሮች አሉኝ፣ ርስቴን ልቁጠር ብለው ነው። ልጃቸው ፈቃድ ወስዳ፣ አብራሪውም ድሮኑን ይዞ አብረው ሄዱ። በተመለሱ ማግስት ሱቄ ብቅ አሉ፤ በእግራቸው፣ ዱላቸውን ብቻ ይዘው።

«እሺ እማማ፣ አገሮቹ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«ሃሎ! ከሁሉም የምወደው ፏፏቴዬ ነበር። 'ነጭ ነው፣ ሌሊት ከቀን ይዘምራል' ብሎ የሰጠኝ። ስንት ዘመን ሳስበው የኖርኩት! ሄጄ ባየው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?»

«ምን?»

«የፈነዳ የውሃ ቧንቧ! እስከ ዛሬ የሚጠግነው ጠፍቶ!» ብለው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። አቶ ሰባት በሩ ላይ ቆመው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ታዲያ አልተቀየሙም?»

እማማ ሃሎ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ።

«ምን ያስቀይመኛል?» አሉ። «ሥሩ ቆሜ እስክርስ ድረስ አየሁት። በጣም ያምራል።»